በዘንግ የሚለካ መድኃኒት

ከአዲስ አበባ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ርቃ፣ ዝናብ በማያጣው የኢሉባቦር ደን መካከል፣ በሶር ወንዝ አጠገብ በተቀመጠችው በመቱ ከተማ ዙሪያ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች፣ በየጊዜው የሚፈጸም አንድ ሥርዓት አለ። ይኸውም የመንደሩ ሰው ራሱ የመረጠው መድኃኒት አዳይ፣ ከዋንዛ ጥላ ሥር ወይም ከጤና ኬላው በር ላይ በቀለም የተከፋፈለ ረጅም ዘንግ አቁሞ፣ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ የውኃውን ጀሪካን ከጎኑ አስቀምጦ፣ የመጣውን ሁሉ በየተራው ጫማውን እያስወለቀ በዘንጉ ልክ ያቆመዋል። የቆመው ሰው ቁመት ከ90 እስከ 119 ሳንቲ ሜትር ቢሆን አንድ ፍሬ፣ ከ120 እስከ 140 ቢሆን ሁለት፣ ከ141 እስከ 158 ቢሆን ሦስት፣ ከዚያ በላይ ቢሆን አራት ፍሬ ኪኒን ይቆጠርለታል፤ እርሱም እዚያው በአዳዩ ፊት በውኃ ይውጠዋል። ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር ያልሞላ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ሴት፣ ከወለደች ሳምንት ያልሆናት አራስ፣ ሕመም የጠናበትም ሰው አይሰጠውም።

ሕዝቡ መድኃኒቱን ሜክቲዛን ይለዋል፤ በሊቃውንቱ ዘንድ የሚጠራበት ስም አይቨርሜክቲን ነው። በዚህ ሰልፍ ላይ ከሚሰማው ሙግት ሁሉ የሚበዛው ስለ ፍሬው ቁጥር ነው። ዕድሜ ወገቧን ያጎበጠው አንዲት ባልቴት ከዘንጉ ተለክታ በመዳፏ ላይ ያረፉትን ሁለት ፍሬዎች አገላብጣ አየቻቸውና፣

«ልጄ፣ ጎረቤቴ አራት ወስዳለች፤ ለእኔ ሁለት ብቻ? ምን በድዬህ ነው?» አለች።

«አኮ፣ እኔ እኮ አይደለሁም፤ ዘንጉ ነው።»

«ዘንጉማ የለካው እርጅናዬን ነው! ሌሊቱን ሙሉ ስታከክ የማድረው እኔ ነኝ፤ እርሷማ ምን ሆነች?»

አዳዩ ሣቀ፤ ባልቴቲቱ ግን አልሣቀችም፤ ሁለቱን ፍሬ ውጣ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እያጉረመረመች ሄደች። ሕመሙ የጠናበት ሰው መድኃኒቱ ሊበዛለት ይገባል የሚለው ክርክሯ ከአላዋቂነት የመጣ አልነበረም። አዲስ መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የሚፈትኑ ጠበብት ሁሉ ከእንስሳው ቤተ ሙከራ ወጥተው የመጀመሪያው ሕመምተኛ ፊት በሚቆሙበት ሰዓት ከዚሁ ጥያቄ ጋር ነው የሚፋጠጡት፦ ምን ያህል ቢሰጥ ይፈውሳል? ምን ያህልስ ቢሰጥ ይጎዳል? በሁለቱ መካከል ያለው ስፍራ ምን ያህል ሰፊ ነው?

ይህ መድኃኒት የሚታደልለት በሽታ ኦንኮሰርኪያሲስ፣ በአጭሩ ኦንኮ፣ ይባላል። ሶር ወደ ገባ፣ ገባም ከብርብር ተገናኝቶ ባሮን እስኪሆን ድረስ፣ ይህ አገር ከዓለት ዓለት እየዘለለ በሚወርድ ፈጣን ውኃ የተሞላ ነው፤ በሽታውን የምታስተላልፈው ትንሽ ጥቁር ዝንብም ዕጮቿን የምታሳድገው በእንዲህ ያለው አረፋማ ውኃ ውስጥ፣ በድንጋይና በቅጠል ላይ ነው። ቡና የሚለቅመው፣ ማር የሚቆርጠው፣ ከወንዝ ማዶ የሚያርሰው ሰው በቀን ብርሃን ትነክሰዋለች። በንክሻዋ የገባው ትል ከቆዳ ሥር እንደ እጢ በሚዳሰስ እብጠት ውስጥ ተጠቅልሎ ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ይኖራል፤ ሴቲቱ ትል የምትወልዳቸው በዓይን የማይታዩ ሚሊዮን እጮች በቆዳና በዓይን ውስጥ ይንከራተታሉ። በምዕራብ አፍሪካ ሳቫና ይህ ደዌ መንደር በሙሉ ዓይነ ስውር አድርጎ ለም መሬት አስጥሎ ያሰደደ ሲሆን፣ በእኛ ደቡብ ምዕራብ ግን የሚበረታው በቆዳ ላይ ነው፤ እንቅልፍ የሚነሣ እከክ፣ እንደ ነብር የተዥጎረጎረ ቅልጥም፣ ያለ ዕድሜው የተጨማደደ ቆዳ ያመጣል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎና ከትግራይ ተነሥተው በኢሉባቦር የሰፈሩት ገበሬዎች፣ በደጋ አገራቸው ከማያውቁት ከዚህ ደዌ ጋር የተዋወቁት በዚህ ወንዝ ዳር ነው።

የባልቴቲቱን ሙግት ከሥሩ ለማየት ግን ሜክቲዛን ከመምጣቱ በፊት ወደ ነበረው የአበው መድኃኒት ጥቂት መመለስ ያስፈልጋል። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ የኮሶ ትል አይለየውምና፣ የኮሶን ዛፍ አበባ አድርቆ፣ ወቅጦ፣ በውኃ በጥብጦ በባዶ ሆድ መጠጣት ለብዙ ዘመን በባላባቱም በድኻውም ቤት በየሁለት ወሩ ገደማ የሚደጋገም ወግ ነበር። የሚመረጠው ቀላ ያለው ሴቴ አበባ ነው። አበባው በ19ኛው ምዕት ዓመት ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በዚያ አገር የመድኃኒት መዝገቦች ውስጥ እስከ መግባት ደርሷል። ፈዋሽነቱ አያጠራጥርም፤ ጠጪው ፈውሱን በዓይኑ ያየዋል፤ ትሉ ሲወጣ ያየ ሰው ስለ መድኃኒቱ ብርታት ሌላ ምስክር አይሻም። ጎጂነቱም እንዲሁ አያጠራጥርም፤ ሲበዛ ያስመልሳል፣ አንጀት ያቃጥላል፣ ጽንስ ያስወርዳል፤ አብዝተው የጠጡት ሰዎች የዓይን ብርሃናቸው እንደ ተጎዳ፣ አንዳንዶቹም እንደ ሞቱ በሐኪሞች ተጽፏል። በእፍኝ የሚሰፈር አበባ ከዛፍ ዛፍ፣ ከወቅት ወቅት፣ ከአዲሱ እስከ ከረመው ድረስ የብርታቱ ልክ ይለያያል። አበው ፈውሱን አግኝተው ነበር፤ ያላገኙት መጠኑን ነው። ከዚህም የተነሣ በሕዝቡ ልቡና ውስጥ የቀረው ትምህርት፣ ያንገላታ መድኃኒት የሠራ መድኃኒት ነው የሚል ሆነ። ሜክቲዛን የወሰደ ሰው ከኦንኮው ይልቅ ወስፋት እንደ ወጣለት በደስታ የሚናገረው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ በእርግጥም ኪኒኑ ወስፋትንም ያስወጣል።

በኦንኮ ላይ መጀመሪያ የተሞከሩት ሁለት የፈረንጅ መድኃኒቶችም የዚሁ የማንገላታት ወገን ነበሩ። አንደኛው ሱራሚን የሚባለው፣ ጀርመኖች ለእንቅልፍ በሽታ የቀመሙት፣ በየሳምንቱ በደም ሥር የሚወጋ መድኃኒት ነው፤ ትልቁን ትል መግደል ይችላል፤ ነገር ግን ኩላሊትን ስለሚጎዳና የሞተበትም ሰው ስላለ በጤና ኬላ የሚታደል ሊሆን አልቻለም። ሁለተኛው ዳይኢቲልካርባማዚን ነው። የዚህኛው ጉዳት ደግሞ እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ መድኃኒቱ ራሱ ለሰው ሥጋ ክፉ ስላልሆነ፣ ጉዳቱ የሚመጣው ከፈዋሽነቱ ነው። በቆዳና በዓይን ውስጥ ያሉትን እጮች በአንድ ጊዜ ስለሚፈጃቸው፣ የሙታኑ ብዛት በሰውነት ላይ እሳት ያነድዳል፤ ትኩሳት፣ እብጠት፣ መቋቋም የማይቻል ማሳከክ፣ የደም ግፊት መውደቅ ይከተላል፤ በዓይን ውስጥ ሲሆንማ የተረፈውን ብርሃን ሊያጠፋ ይችላል። የሜክሲኮው ሐኪም ማዞቲ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የገለጸው ይህ ቁጣ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። እንግዲህ አስተውሉ፤ እጭ የበዛበት ሰው ማለት ይበልጥ የታመመ ሰው ማለት ነው፤ ይበልጥ የታመመውም ሰው በመድኃኒቱ ይበልጥ የሚጎዳው ነው። የባልቴቲቱ ፍርድ እዚህ ላይ ተገልብጦ ይገኛል።

አይቨርሜክቲን ከጃፓን አፈር የተገኘ ነው። ሳቶሺ ኦሙራ በኢቶ ከተማ አቅራቢያ ከሚገኝ የጎልፍ ሜዳ አጠገብ ከዘገነው አፈር የለየውን ረቂቅ ሕዋስ፣ በአሜሪካ የሚገኘው የመርክ ኩባንያ ተመራማሪ ዊልያም ካምቤልና ባልደረቦቹ ተቀብለው፣ የእንስሳትን ጥገኛ ትሎች በጥቂት መጠን የሚፈጅ መድኃኒት አወጡበት፤ ሁለቱም ሰዎች በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። መድኃኒቱ በፈረስ ላይ የሚገኘውን የኦንኮ ዘመድ የሆነ ትል እጮች እንደሚያጠፋ በታየ ጊዜ፣ በሰው ላይም ይሞከር የሚለው ሐሳብ ተነሣ። ያን ሙከራ የመራው በትውልዱ ቤንጋላዊ የሆነው የመርክ ሐኪም ሞሐመድ አዚዝ ነው፤ ቦታውም የሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር፣ ጊዜውም 1981 (እ.ኤ.አ.) ነበር።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ዋናውን ትምህርት የያዘው ክፍል ይህ ነው። አዚዝ የዳይኢቲልካርባማዚንን ቁጣ ጠንቅቆ ያውቅ ስለ ነበር፣ ሥራውን የጀመረው ዓይናቸው ባልተነካ፣ ሕመማቸውም ባልበረታባቸው ሰዎች ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች የተሰጣቸው በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 5 ማይክሮግራም ብቻ ነበር፤ ይህም ዛሬ በመቱ ከሚሰጠው አንድ ሠላሳኛው ማለት ነው። ከዚያ ወደ 10፣ ወደ 30፣ ወደ 50 ማይክሮግራም፣ በየደረጃው ቆም እያሉ ወጡ። በየጊዜውም ከታካሚው ዳሌ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቆዳ በመርፌ ጫፍ ብድግ አድርገው በምላጭ ይቆርጡና፣ በጨው ውኃ ውስጥ ነክረው፣ ዋኝተው የሚወጡትን እጮች በማይክሮስኮፕ ይቆጥሩ ነበር። በ5 ማይክሮግራም የረባ ለውጥ አልታየም፤ ከ30 ጀምሮ ግን የእጮቹ ቁጥር አሽቆለቆለ፣ ያ የሚፈራው ቁጣም ሳይነሣ ቀረ። መድኃኒቱ እጮቹን የሚያጠፋው በዝግታ በመሆኑ፣ ሰውነት ሙታኑን ሳይሸበር ለማስወገድ ፋታ ያገኛል። ቀጥሎ በላይቤሪያና በሌሎች የምዕራብ አፍሪካ አገሮች 100፣ 150 እና 200 ማይክሮግራም ተነጻጸሩ፤ 200ው ከ150ው የተሻለ ፈውስ ሳያመጣ የጎን ጉዳቱ በመብዛቱ 150 ተመረጠ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1987 መድኃኒቱ በፈረንሳይ ተፈቀደ፤ በዚያው ወር ኩባንያው ለሚያስፈልገው ሁሉ፣ እስካስፈለገ ድረስ፣ በነፃ እንደሚሰጥ አስታወቀ።

ሰዎቹ እንደዚያ ቀስ ብለው ሲወጡ መድኃኒቱ ሰውን ለምን እንደማይመርዘው ገና አያውቁም ነበር። የትሉን ነርቭና ጡንቻ የሚያሽመደምደው ነገር የእኛን አንጎል ስለ ምን ይምራል? ምልክቱ አስቀድሞ የታየው ኮሊ በሚባል የበግ ጠባቂ ውሻ ዘር ላይ ነው፤ ሌላውን ውሻ የማይነካው መጠን ኮሊን ያንዘፈዝፈውና ይገድለው ነበር። መልሱ የተገኘው ግን እ.ኤ.አ. በ1994 በአምስተርዳም፣ ያውም ሳይታሰብ ነው። በዚያ ያሉ ተመራማሪዎች ከዘረ መላቸው አንዲት ቅንጣት ያጎደሉባቸውን አይጦች ቅንቅን ቢይዛቸው አይቨርሜክቲን ረጩባቸው፤ አይጦቹ አለቁ። የጎደለችው ቅንጣት በአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ቆሞ ባዕድ ነገርን የሚመልስ ዘበኛ የምታሠራ ነበረች፤ የኮሊም ጉድለት ይኸው መሆኑ በኋላ ተረጋገጠ። ጥንቃቄ ዕውቀትን በዐሥራ ሦስት ዓመት ቀደመ ማለት ነው። የዳካሩ ሐኪም ከ5 ባይጀምር ኖሮና የሰው ልጅ እንደ ኮሊ ሆኖ ቢገኝ ኖሮ፣ የመድኃኒቱ ታሪክ በመጀመሪያው ሳምንት ባለቀ ነበር። ትዕግሥት የጎደለበት ሙከራ ምን እንደሚመስል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2006 በለንደን ታይቷል፤ ቲጂኤን 1412 የተባለ አዲስ መድኃኒት በዝንጀሮ ላይ ጉዳት ካላሳየው መጠን አንድ አምስት መቶኛው ብቻ በደቂቃዎች ልዩነት በተከታታይ ለስድስት ጤነኛ ጎልማሶች ተሰጥቶ፣ ስድስቱም በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝተው ከሞት አፋፍ ተመልሰዋል። ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ ተለወጠ፤ መጀመሪያ አንድ ሰው ብቻ ይወስዳል፣ ሌሎቹ ይጠብቃሉ።

አሁን ወደ ዘንጉ እንመለስ፤ ምክንያቱም ቁመትን ለክቶ መድኃኒት መስጠት ለሰነፍ ሐኪም የተመቸ አቋራጭ የሚመስለው አንባቢ አይጠፋም። ቁመታቸው እኩል 160 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሁለት ሰዎች አራት አራት ፍሬ፣ ማለትም 12 ሚሊ ግራም ይወስዳሉ እንበል፤ 80 ኪሎ የሚመዝነው ነጋዴ በኪሎ 150 ማይክሮግራም ሲደርሰው፣ 50 ኪሎ የሚመዝነው ቡና ለቃሚ 240 ይደርሰዋል። ይህ ልዩነት የሚፈቀደው በሚፈውሰውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ስፍራ ሰፊ ስለ ሆነ ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ጤነኛ ሰዎች ከተፈቀደው ከፍተኛ መጠን እስከ ዐሥር እጥፍ ወስደው ያለ ከባድ ጉዳት ወጥተዋል። ሱራሚንን በዘንግ ለክቶ የሚያድል ሰው ነፍሰ ገዳይ በሆነ ነበር። የሚዛንና የሐኪም እጥረት ባለበት አገር አንድ መድኃኒት ለሕዝብ የሚበጅ መሆኑን የሚወስነው ከብርታቱ ይልቅ ይህ የስፋት ጉዳይ ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

ስፋቱ ይህን ያህል ከሆነ ታዲያ ለባልቴቲቱ ሁለት ፍሬ ቢጨመርላት ምን ነበር? ይህንኑ ጥያቄ በካሜሩን የጠየቁ ተመራማሪዎች ነበሩ። አይቨርሜክቲን እጮቹን እንጂ በእብጠቱ ውስጥ ያለውን ትልቁን ትል በአንድ ጊዜ ስለማይገድለው፣ መጠኑ ቢበዛ ይገድለው እንደ ሆነ ለማየት ለአንዳንዶቹ 150፣ ለሌሎቹ እስከ 800 ማይክሮግራም፣ ለከፊሎቹ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለከፊሎቹ በየሦስት ወሩ እየሰጡ ለሦስት ዓመት ተከታተሉ። በ2002 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ውጤት ግልጽ ነበር፤ ከአምስት እጥፍ በላይ የሆነው መጠን በትልቁ ትል ላይ የጨመረው አንዳች ነገር አልነበረም፤ የጨመረው የዓይን ብዥታ ነበር። ሴቶቹን ትሎች ይበልጥ የገደላቸው መደጋገሙ ነው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2012 በሽታውን ከመቆጣጠር ወደ ፈጽሞ ማጥፋት ባለፈች ጊዜ፣ የጨመረችው የፍሬውን ቁጥር አይደለም፤ በብዙ ወረዳዎች እደላውን በዓመት ወደ ሁለት ጊዜ አሳደገችው። ባልቴቲቱ የሚገባት ተጨማሪ ፍሬ ከስድስት ወር በኋላ ይደርሳታል።

ልኩ በሌላ አገር ተለክቶ የመጣ መድኃኒት ሁሉ ግን እንዲህ በሰላም አይገጥመንም። ካላዛር ለተባለው በሽታ መድኃኒት የሆነው ፓሮሞማይሲን በሕንድ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ለ21 ቀን ሲወጋ ከመቶ ታካሚዎች 95 ያህሉን ፈውሶ ነበር። ያው መድኃኒት፣ ያው መጠን፣ ጎንደርንና አርባ ምንጭን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ጣቢያዎች ፕሮፌሰር አስራት ኃይሉና ባልደረቦቻቸው በፈተኑት ጊዜ የፈወሰው ከመቶ 64 ያህሉን ብቻ ነው፤ በሱዳን አንዳንድ ጣቢያዎችም ከዚያ እጅግ ያነሰ ነበር። መጠኑን ከፍ ማድረግ ውጤቱን አሻሻለው፤ ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ጆሮና ኩላሊትን የሚያሰጋ በመሆኑ፣ በመጨረሻ የተመረጠው መንገድ ከነባሩ የአንቲሞኒ መድኃኒት ጋር አጣምሮ ቀኑን ወደ 17 ማሳጠር ሆነ። ይህ ሙከራ በአገራችን ባይደረግ ኖሮ የሕንድን መጠን በእምነት ተቀብለን፣ ሳይድኑ የሚቀሩትን ደግሞ በዕድላቸው እናሳብብ ነበር።

ታላላቆቹ አገሮችም ቢሆኑ ከባልቴቲቱ ስሕተት ነፃ አልነበሩም። የካንሰር መድኃኒት ፈታኞች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የተከተሉት ደንብ፣ ሦስት ሦስት ታካሚ እየጨመሩ፣ ሥጋ ሊሸከመው እስከሚችለው ጫፍ ድረስ መውጣትና ያን ጫፍ መጠን ብሎ መደንገግ ነበር። ሕዋስን በጅምላ ለሚፈጁት ለቀድሞዎቹ መድኃኒቶች ይህ ሊያስኬድ ይችል ይሆናል፤ አንዲት የተመረጠች ዒላማ ለሚመቱት ለዘመናችን መድኃኒቶች ግን ዒላማው ከተመታ በኋላ የሚጨመረው ሁሉ ትርፉ መከራ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ይህን አስተሳሰብ ለመለወጥ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ በዚያው ዓመት ሶቶራሲብ የተባለውን የሳንባ ካንሰር መድኃኒት በቀን 960 ሚሊ ግራም እንዲሰጥ ሲፈቅድ፣ 240ው ይበቃ እንደ ሆነ አምራቹ መርምሮ እንዲያቀርብ አዝዟል። ዳካር ላይ ከአርባ ዓመት በፊት ለድኻ ሰው መድኃኒት የተያዘው ጥንቃቄ ለባለጠጋው ሰው መድኃኒት ዘግይቶ መድረሱ ያስገርማል።

በኦንኮ በኩል የሚጠበቀው ተከታይ ሞክሲዴክቲን ነው። በሰውነት ውስጥ ከአይቨርሜክቲን እጅግ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ በጋና ሐኪሙ ኳብላ አዋድዚና ባልደረቦቹ ከ2 ሚሊ ግራም ጀምረው፣ በመጀመሪያ እጭ ላልበዛባቸው፣ ቀጥሎ ለበዛባቸው እየሰጡ ወደ 4፣ ወደ 8 አድርሰውታል፤ በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2018 በ8 ሚሊ ግራም መጠን ተፈቅዷል። እንዲህ ያለው መድኃኒት ወደ ኢሉባቦር በሚመጣበት ጊዜ፣ መጠኑን ተቀብሎ ከማደል አልፎ በአገሩ ሰው ላይ የሚያሳየውን ፈውስና ጉዳት መዝግቦ የሚያቀርብ ተቋም ያስፈልጋል፤ የካርል ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲው ባሉባት በመቱ ከተማ ይህን ሥራ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ተመራማሪ እንዲሠራው መጠበቅ አይገባም።

አንባቢውም የድርሻው አለው። ሜክቲዛን ከወሰዱ በኋላ በሚከተሉት ቀናት ያበጠ፣ ያተኮሰ፣ ያሳከከ፣ ዓይን ያደበዘዘ ነገር ቢኖር፣ መድኃኒቱ ሠራ ብሎ በደስታ ዝም ማለት አይበጅም፤ ለአዳዩ ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይነገር። ከኪኒኑ በፊት ወይም በኋላ ኮሶ፣ እንቆቆ ወይም ሌላ የአገር መድኃኒት የጠጣ ሰውም ምን ያህል እንደ ጠጣ ሳያፍር ይናገር። ጉዳቱ በጤና ጣቢያው በኩል ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሊመዘገብ የሚችለው የወሰደው ሰው ከተናገረ ብቻ ነው።